የደረቀውን የማንጎ ቅርንጫፍ ዛሬውኑ ቁረጡት

በአርባ ምንጭ፣ በአሶሳ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሐረርም ሆነ በድሬዳዋ ጓሯችሁ ማንጎ ያላችሁ ሁሉ፣ ዛሬ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከዛፉ ሥር ቆማችሁ ቀና በሉና ጫፍ ጫፉን እዩ። ሌላው ለምልሞ ሳለ ከጫፉ ጀምሮ የደረቀ ቅርንጫፍ አለ? ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ፣ ተጠቅልሎ፣ ሳይረግፍ ተንጠልጥሏል? ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫ ያወጣል?

ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን በሽታ ነው። ላሲዮዲፕሎዲያ የሚባለው ፈንገስ ማንጎ በሚበቅልባቸው ሞቃት አገሮች ሁሉ ይታወቃል። በቁስል ይገባል፤ ዛፉ በድርቅ ወይም በሌላ ችግር እስኪዳከም ይጠብቅና ከጫፍ ወደ ታች ይወርዳል። ግንዱ ጋ ሳይደርስ ከተቀደመ ዛፉ ይተርፋል። ስለዚህ ነው አትዘግዩ የምለው።

ዝናብ የሌለበትን ቀን ምረጡ። የምትቆርጡት ከደረቀው በታች፣ ጤነኛው ውስጥ ቢያንስ አንድ ስንዝር ገብታችሁ ነው። የተቆረጠውን እንጨት ገልብጣችሁ ተመልከቱት፤ ውስጡ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ቀለበት ከታየ በሽታው ገና አላለቀምና ዝቅ ብላችሁ ድገሙት። ወደ ሌላ ዛፍ ከመሻገራችሁ በፊት መጋዙን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ንከሩት፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ ሥራው ሲያልቅ በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁት። ቁስሉ ላይ የሚቀባ ከመዳብ የተሠራ ፀረ ፈንገስ አለ፤ መጠኑን የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ።

የቆረጣችሁትን ደግሞ ዛፉ ሥር አትከምሩት። ፈንገሱ በደረቀ እንጨት ላይ ይራባል፤ ዝናብ ሲመጣ ወደ ጤነኛው ይረጫል። ማገዶ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ጣሉት አልልም፤ የዛሬው ምድጃ በእሱ ይንደድ። ልጆች ፍሬውን በድንጋይ ማውረዳቸውን ይተዉ፤ ከብትም ግንዱ ላይ አይታሰር። እያንዳንዱ ጭረት ለፈንገሱ በር ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኦማን ውስጥ፣ በባቲና ጠረፍ ባርካ አካባቢ፣ ማንጎዎች በድንገት መድረቅ ጀመሩ። ገዳዩ ሴራቶሲስቲስ የተባለ ሌላ ፈንገስ ሲሆን ቅርፊት የምትቦረቡር ትንሽዬ ጥንዚዛ ታዛምተዋለች። የእንጨቱን የውሃ መንገድ ስለሚዘጋ ዛፉ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሞ ይሞታል። ፓኪስታንም በዚሁ በሽታ ብዙ ዛፍ አጥታለች።

በሙስካት፣ በዱባይ፣ በሌሎችም የዓረብ አገሮች የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እዚያ የበላችሁት ማንጎ ቢጥማችሁና ለእናታችሁ ጓሮ ብታስቡት አይፈረድባችሁም። ነገር ግን ችግኙንም ሆነ የማዳቀያ ቅርንጫፉን በሻንጣ አታምጡ። ዓይን የማያየው በሽታ እንጨቱ ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። አዲስ ተባይ አንዴ ከገባ ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ ቅጠል ላይ ነጭ ሆና የምትጣበቀው የማንጎ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ በአንድ እርሻ ታየች፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛመተች፤ ገበሬው እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር ይታገላል። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ዕዳ አንጨምርበት።

ችግኝ ሻጮችም አደራ አለባችሁ፤ ማዳቀያውን ጫፉ ከደረቀ ዛፍ አትውሰዱ፣ ቢላዋችሁንም በየመሐሉ አጽዱ። ገዢም እናት ዛፉን ሳያይ አይግዛ።

ሙሉ ዛፍ ቅጠሉ ሳይረግፍ ባንድ ጊዜ ደርቆ ካገኛችሁ ግን ራሳችሁ አትቁረጡት፤ እንጨቱንም ለማንም አትስጡ። ፎቶ አንሱና በዚያው ቀን ለወረዳችሁ ግብርና ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።