የቆቦ ሞተረኞችና የሰዓት ጉዳይ

ባለፈው ታኅሣሥ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው በተከመረበት ሰሞን፣ ለጥቂት ቀናት ወደ ቆቦ ወርደን ነበር። ከወልድያ ተነሥቶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ እንደሚያውቀው፣ ቆቦ በሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በስተምዕራብ ደጋው እንደ ግንብ ቆሟል፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ይታያል፣ በመካከሉ ያለው የራያ ሜዳ ግን ለጥ ያለ ነው። ወደ ዋጃና ወደ አላማጣ የሚያልፈውም አስፋልት በዚሁ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል። በደጋ አገር ላደግን ለእኛ፣ ቀጥ ያለ መንገድ ማየት ብቻውን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

በደረስንበት ዕለት ወደ ማታ፣ ፀሐይ ከደጋው ጀርባ ስትገባ፣ ለመንሸራሸር ከከተማው ወጣ እንዳልን ሁለት ወጣቶች በሞተር ብስክሌት ጎን ለጎን ሆነው ሽው ብለው አለፉን። ሁለቱም የራስ ቁር አላደረጉም፤ አንደኛው ደረቱን ከቤንዚን ታንኩ ላይ አስተኝቶ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቷል። ከፊታቸው አንድ ሽማግሌ ሦስት ግመሎች እየነዱ አስፋልቱን መሻገር ጀምረው ነበር። ወጣቶቹ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተከፍለው አለፉ፤ ግመሎቹ ደነበሩ፤ ሽማግሌው በትራቸውን እንደያዙ ከመንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። ቀርበን «አባቴ፣ ተጎዱ ወይ?» ብለን ብንጠይቃቸው፣ «እኔስ ደኅና ነኝ፤ ልጆቹ ግን ማንን ሊቀድሙ ነው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም።

የዚያን ዕለት ማታ የነበረን አሳብ አጭር ነበር፤ ፖሊስ ይያዛቸው፣ ሞተሩም ይወረስ የሚል ነው። አሁንም ቢሆን ጥፋቱን አናቃልልም። ዳሩ ግን በማግሥቱ ከሁለቱ አንዱን በሚሠራበት ጋራዥ አግኝተን ብዙ ሰዓት ስንጨዋወት፣ ነገሩን እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

ይህ ወጣት ሞተሩን አሮጌ ሆኖ ገዝቶ በገዛ እጁ ፈትቶ ገጥሞታል። ፋሻውን ለውጧል፤ ካርቡራቶሩን አጥቦ አስተካክሏል፤ ማርሚታውንም ቆርጦ አሳጥሯል። ይህ የመጨረሻው ለጆሮ ካልሆነ በቀር ለፍጥነት ያመጣው ጥቅም ያለ አይመስለንም። ስለ ፒስተንና ስለ ቢየላ ሲናገር ለሚሰማው ግን፣ እኛ በዩኒቨርሲቲ ያሳለፍናቸው ዓመታት ትንሽ ያሳፍራሉ። «ስንት ትሮጣለች?» ብንለው «መቶ ሃያ» አለን። የፍጥነት መቁጠሪያው ግን ከተሰበረ ቆይቷል። እንዴት አወቅህ ስንለው፣ ጓደኛው በስልኩ ሰዓት እንደያዘለት፣ በሩጫ ላይ እንዳለ ከአንድ ድልድይ እስከ አንድ ትልቅ ግራር ድረስ አንድ ደቂቃ እንደፈጀበት ነገረን። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ ተከራይተን በቀስታ እየሄድን ርቀቱን ብንለካው 1.4 ኪሎ ሜትር ሆነ። እንግዲህ በአንድ ደቂቃ 1.4 ኪሎ ሜትር የሄደ በአንድ ሰዓት 84 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 120 ለመሆን ያንኑ ርቀት በ42 ሴኮንድ መጨረስ ነበረበት።

ሂሳቡን በወረቀት ስናሳየው ይቆጣል ብለን ፈርተን ነበር። እርሱ ግን ወረቀቱን ወስዶ ሁለት ጊዜ ካነበበ በኋላ፣ የቀረችውን 18 ሴኮንድ ከየት መቀነስ እንደሚቻል ይጠይቀን ጀመር። ከነፋሱ ነው? ከካቴናው ጥርስ ነው? ከቤንዚኑ ነው? ያን ሰዓት ጓደኛውን የመቅደሙን ነገር ጨርሶ ረሳው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ይህች መርሳት ናት።

በዓለም ላይ የምድር ፍጥነት ክብረ ወሰን የሚባል ስፖርት እንዳለ ብዙ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በዚህ ስፖርት ተወዳዳሪው ጎን ለጎን ከሌላ ሰው ጋር አይሮጥም፤ ብቻውን በተለካ ርቀት ላይ ያልፋል፣ ሰዓት ይፈርድበታል። ለዓለም ክብረ ወሰንማ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሄዶ መመለስ አለበት፤ የሁለቱ ጉዞ አማካይ ይያዝለታል፤ ይህም ነፋስ ከኋላ እየገፋ በሐሰት እንዳያስመሰግነው ነው። የመጀመሪያው የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1898 ፈረንሳዊው ጋስቶን ደ ሻስሉ ሎባ ከፓሪስ አጠገብ አሼር በሚባል ስፍራ ያገኘው በሰዓት 63.15 ኪሎ ሜትር ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ በ1899 ቤልጂጋዊው ካሚል ዠናዚ 105.88 አድርሶ መቶን አለፈ። የሁለቱም ሰዎች መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በተከለከለ ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ የመሰላቸው ባልደረቦቻችን ይህን ቢያነቡ ደስ ይለናል።

ዛሬ የዓለሙን ክብረ ወሰን የያዘው እንግሊዛዊው አብራሪ አንዲ ግሪን ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 በአሜሪካ ኔቫዳ በረሃ በሰዓት 1,227.985 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከድምፅ ፍጥነት አልፏል። ይህ ግን በሁለት የጀት ሞተር የሚደረግ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ለቆቦው ልጅ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ለእርሱ የሚጠቅመው የካሊፎርኒያ ወጣቶች ታሪክ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሎስ አንጀለስ አካባቢ ያሉ ወጣቶች አሮጌ ፎርድ እየገዙ፣ መከለያውን እየነቀሉ፣ ሞተሩን እየሞረዱ በከተማ መንገድ ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። በደረቀ ሐይቅ ወለል ላይም ብዙ ሆነው ጎን ለጎን ሲሮጡ የፊተኛው አቧራ የኋለኛውን ዓይን እያሳወረ አደጋ ይደርስ ነበር። ሕዝቡም እንደ ወንበዴ ያያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ግን የእነዚሁ ወጣቶች ክበቦች ተሰብስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ ሰዓት ያዦች ማኅበርን አቋቋሙ። የማኅበሩን ስም ልብ እንበል፤ የእሽቅድድም ማኅበር አላሉትም፣ የሰዓት ያዦች አሉት። ውሎ አድሮ ሩጫው ሁሉ ተራ በተራ፣ አንድ በአንድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ በዩታ ወደሚገኘው የቦነቪል የጨው ሜዳ ሄደው የፍጥነት ሳምንት የሚባለውን ጀመሩ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ዋሊ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1951 ሌላ ማኅበር አቋቋመ፤ የዚህም ዓላማ በየመንገዱ የሚሽቀዳደመውን ወጣት ወደ ተዘጋ አጭር ሜዳ ማስገባት ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሳንታ አና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንዲህ ያለ አጭር ውድድር ተጀምሮ ስለነበር፣ ቦታ ማግኘት እንደሚቻል ታይቶ ነበር።

በቦነቪል ማንም ሰው መኪናውን አስነሥቶ ዝም ብሎ አይሮጥም። መጀመሪያ መርማሪዎች ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የቤንዚን ቧንቧውን፣ የራስ ቁሩን፣ እሳት የሚከላከለውን ልብስ ያያሉ፤ በጣም ለሚፈጥነው መኪና ማቆሚያ ፓራሹት ያስፈልጋል። አዲስ ገቢም በአንድ ቀን ወደ ከፍተኛው ፍጥነት አይለቀቅም፤ ዝቅ ካለው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ፈቃድ እያገኘ ይወጣል። ዝናብ ጨውን ካረጠበው ውድድሩ ይቀራል፤ እ.ኤ.አ. በ2014ና በ2015 በሜዳው መበላሸት ምክንያት ቀርቷል። ብዙዎቹ ገንዘብ አያገኙበትም። ዓመቱን ሙሉ በጋራዥ ሲደክሙ ከርመው፣ ያለፈውን ዓመት ቁጥራቸውን በጥቂት ቢያሻሽሉ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ እኛ የምንወደው የኒውዚላንዱን በርት ሙንሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 የተሠራች ኢንዲያን የምትባል ሞተር ብስክሌት ነበረችው፤ ስትገዛ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አትሄድም ነበር። ይህ ሰው ሀብታም አልነበረም። ፒስተኖቹን በገዛ እጁ ብረት እያቀለጠ ያፈስስ ነበር፤ ሞተሩም በተሰበረ ቁጥር እንደገና ይጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በ68 ዓመቱ፣ በዚያችው በ47 ዓመት አሮጊት ሞተር በቦነቪል ላይ በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ። የቆቦው ወጣት ይህን ስንነግረው መጀመሪያ አላመነንም፤ በኋላ ግን ብረቱን በምን እንዳቀለጠው ጠየቀን።

ስለ 18 ሴኮንዱም መልስ ሰጥተነዋል። አየር ከፊት ሲመታ የሚያስከፍለው ጉልበት ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ያድጋል፤ ስለዚህ ከ84 ወደ 120 ለመድረስ አየሩን ለመሰንጠቅ ብቻ ሦስት እጥፍ ያህል ጉልበት ይፈለጋል። ደረቱን ታንኩ ላይ ማስተኛቱ እንግዲህ ከንቱ አልነበረም፤ ሳያውቀው ፊዚክስ እየሠራ ነበር። ሌላውንም ነገር አልደበቅነውም፤ በ120 የሚሄድ ሰው ፍሬን ሲይዝ ለመቆም በ84 ከሚሄደው ሁለት እጥፍ ርቀት ይፈጃል። ፍሬን ለመያዝ ከማሰቡ በፊት ባለችው አንድ ሴኮንድ ብቻ 33 ሜትር ይሄዳል። በዚያች ማታ ከሽማግሌው ግመሎች እስከ እነርሱ ያለው ርቀት ስንት እንደነበር ጠይቀነው ዝም አለ።

አንዳንድ ሰዎች ሕዝብ እንጀራ በሚሻበት አገር ቤንዚን ማቃጠል ምን ይባላል ይሉናል። ቤንዚኑ ግን ዛሬም እየተቃጠለ ነው፤ ያውም በአስፋልት ላይ፣ በድንግዝግዝ፣ ሰውና ከብት በሚመለስበት ሰዓት። ሌሎች ደግሞ ሜዳ ብንሰጣቸው ልምዱ ይስፋፋል ይላሉ። ይህኛው ከባድ ተቃውሞ ነው። በአሜሪካም ሜዳው ከተከፈተ በኋላ በመንገድ ላይ መሽቀዳደም ፈጽሞ አልጠፋም። ቢሆንም የሚመዘንበት ሰዓት ያገኘ ወጣት ራሱን ማታለል እንደሚያቆም በዓይናችን አይተናል፤ 120 ነኝ ይል የነበረው 84 መሆኑን ተቀብሏል። ቆቦ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ብዙ ያየች ከተማ ናት፤ ከዚያ የተረፈ ልጅ በግመል እግር ሥር እንዲቀር የሚፈልግ እናት የላትም።

ነገሩ ለአገራችንም ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ፈረስ ጉግስ ሲጫወቱ ሰፊ ሜዳ ይመርጡ ነበር እንጂ በገበያ መካከል አይጋልቡም ነበር። አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 በሮማ የሮጠውን ዓለም የሚያስታውሰው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ተብሎ ነው፤ «በጣም ፈጣን ነበር» ተብሎ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያምነን ነበር?

ስለ ቦታው ግን መጠንቀቅ ይገባል። ከዞብል ማዶ አፋር ነው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቆም የአሳሌ የጨው ሜዳ ይገኛል፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ፣ ለዓይን ከቦነቪል የማያንስ ሜዳ ነው። በዩኒቨርሲቲ ሳለን እዚያ ስለሚደረግ ውድድር ብዙ ጊዜ አልመናል። አሁን ግን አንደግፈውም። ያ ጨው ሰዎች በመጥረቢያ እየፈለጡ፣ በግመል እየጫኑ ለዘመናት እንጀራ የበሉበት ነው። የራያ ሜዳም የማሽላና የጤፍ አገር ነው፤ ለሞተር ተብሎ ማሳ የሚሰጥ ገበሬ አይኖርም፣ እንዲሰጥም አንጠይቅም። በደቡብ አፍሪካ ሃክስኪን ፓን በሚባለው ደረቅ ሜዳ ከ300 በላይ የአካባቢው ሰዎች ከ16 ሺሕ ቶን በላይ ድንጋይ በእጃቸው ለቅመው ለእንግሊዞች መኪና መንገድ አዘጋጅተዋል፤ መኪናውም እ.ኤ.አ. በ2019 በሰዓት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። እኛ ይህን ያህል አንሻም። ለጀማሪ የሚበቃው 400 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ መሬትና ከዚያ ቢያንስ የሚተካከል ማቆሚያ ነው።

ወጣት ሹማምንት ጓደኞቻችን ይህን ሲያነቡ ለበጀት ደብዳቤ መጻፍ እንዳይጀምሩ እንለምናለን። የሚያስፈልገው በወር አንድ ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ለሁለት ሰዓት የሚዘጋ ቦታ ነው፤ ጫፍና ጫፍ ላይ ባንዲራ የሚይዙ ሁለት ሰዎች፣ ሰዓት የሚይዝ አንድ አስተማሪ፣ ፍሬንና ጎማ የሚያይ አንድ መካኒክ፣ ከጤና ጣቢያ አንድ ነርስ፣ ሕዝቡንና ከብቱን የሚያርቅ ገመድ። የራስ ቁር የሌለው አይሮጥም። በአስፋልት ላይ ሲሽቀዳደም የተያዘም ለዚያ ዓመት ከዝርዝሩ ይሰረዛል፤ ይህን ቅጣት ከገንዘብ ቅጣት አብልጠው እንደሚፈሩት ከራሳቸው አፍ ሰምተናል።

ባለፈው ሳምንት ያ ወጣት ስልክ ደውሎልን ነበር። የኋላውን ጥርስ ለውጧል፣ ማርሚታውንም ወደ ቀድሞው መልሶ በይዶታል። «አሁን የት ልሞክራት?» አለን። በአስፋልቱ ላይ እንዳይሞክራት ለመንነው፤ እሺ አለ፤ ሌላ ቦታ ግን ልንነግረው አልቻልንም። በዚያ አገር ሹም ሆኖ የሚሠራ አንባቢ ካለን፣ መልሱን ወደዚህ ጋዜጣ ከመጻፍ ይልቅ ወደ ጋራዡ ጎራ ብሎ ለልጁ ቢነግረው እንመርጣለን።