ፔስሜከር ከተገጠመ በኋላ «ደህና ነኝ» ብቻ አይበቃም!

ውድ ቤተሰቦች፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ፔስሜከር ወይም ብዙዎቻችን «የልብ ባትሪ» የምንለው ተገጥሞላቸው ቤት ሲገቡ፣ ጠያቂ ሁሉ «እንዴት ነዎት?» ይላቸዋል። መልሱ አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

ምስጋናው መልካም ነው። እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ከሥሩ ተሸፍኖ የሚቀረው ማዞር፣ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ነው።

ብዙዎች «ከተናገርኩ እንደገና ሊቀዱኝ ነው» ብለው ይፈራሉ። ነገር ግን አብዛኛው ማስተካከያ የሚደረገው ከውጭ፣ መሣሪያውን በሚያነብ ኮምፒውተር፣ ያለ ቀዶ ጥገና ነው። ሽቦው ከቦታው ተንቀሳቅሶ ከሆነም ቶሎ መታወቁ ይሻላል።

ያልተነገረ ምልክት ማገገምን ያዘገያል። የሚያዞራቸው ሰው መውደቅን ይፈራሉ፤ ፈርተው ይተኛሉ፤ ሲተኙ ጡንቻቸው ይደክማል። ያኔ ድካሙ ከልብ ይሁን ከመተኛት መለየት ያስቸግራል።

እኛ ልጆችም «አይነሱ» እያልን እናባብሰዋለን። መሣሪያው ባለበት በኩል ያለውን ክንድ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከትከሻ በላይ አለማንሳት፣ ከባድ ነገርም አለመሸከም ተገቢ ነው። ክንዱን ጨርሶ አለማንቀሳቀስ ግን ትከሻው እንዲደርቅ ያደርጋል።

ስለዚህ ጥያቄያችሁን ቀይሩ፦ «ዛሬ ሲነሱ አዞረዎት? የትናንቱን ያህል መራመድ ቻሉ? ማታ ትራስ ጨመሩ?» እግራቸው ማበጡንም እዩ። መልሱን ከነቀኑ ጽፋችሁ ለቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ። መሣሪያው የተገጠመለት ሕፃን ከሆነ ደግሞ «አዞረኝ» ላይል ይችላል፤ ጨዋታ ማቆሙን፣ ቶሎ መድከሙን፣ ምግብ መተዉን ተከታተሉ።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሕክምና የምትሄዱባቸው ምልክቶች፦

✔ ራስን መሳት ወይም የቀድሞው ማዞር መመለስ
✔ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር
✔ የማያቋርጥ ስቅታ
✔ ትኩሳት፣ የቁስሉ መቅላት፣ ማበጥ ወይም መግል መያዝ። እብጠቱን በመርፌ አታስወጉ፤ መሣሪያውን ወደገጠመው ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

እናንተ ታካሚዎችም ምልክታችሁን መናገር ማማረር አይደለም። መሣሪያው ሲመረመር የልብ ምታችሁን ይነግረናል፤ ደረጃ ስትወጡ የሚሰማችሁን ግን ከእናንተ በቀር የሚነግረን የለም።

ፔስሜከር የተገጠመለት ዘመድ ላላቸው ሁሉ አጋሩላቸው።