ስድስት ጎራሹና ጉሮሮው

ባለፈው ሰሞን አንድ የዚህ ዐምድ ተከታታይ ደብዳቤ ጻፈልን። ነዋሪነቱ በኢምፔሪያል አካባቢ ሲሆን፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ ጸሐፊ ነው። አጎቱ በጡረታ ላይ ያሉ የጦር መኰንን ናቸው፤ ፈቃድ የወጣለት አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥም አላቸው። ታዲያ ሽጉጡ ተወልውሎ በተተኰሰ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ጥይቶች ካለሙበት ያሳርፋል፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ወዲያና ወዲህ ይበትናል። አራግፈውና ፈትተው ውስጡን ቢመረምሩት ግራጫ ቅርፊት ተጋግሮበት ተገኘ። አንድ የቶርኖ ባለሙያ «አፈሙዙ ጠቦ ነውና ትንሽ ላስፋው» ቢላቸው ሽማግሌው እሺ ወደ ማለቱ አዘነበሉ። ወጣቱ ግን ልቡ ስላልረጋ፤ «እርስዎ የፊዚክስ መምህር ነዎትና ምን ይላሉ?» ሲል ይጠይቃል።

አጭሩ መልሴ ቶርኖው ይቈይ የሚል ነው። ረጅሙ እነሆ።

አማርኛችን ለዚህ መሣሪያ «ጎራሽ» የሚል ስም ሲያወጣለት ጠባዩን በሚገባ አስተውሏል። ጠበንጃ ጥይቱን የሚያቀብለው በቀጥታ ለአፈሙዙ ቱቦ ነው። በስድስት ጎራሽ ግን እርሳሱ በመጀመሪያ በተሽከርካሪው ከበሮ ውስጥ ካለች ጠባብ ቀዳዳ ይወጣል፤ ከዚያም በከበሮውና በቱቦው መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት ዘሎ እንደ ገና በሌላ ጉሮሮ ይዋጣል። በቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተቀርጸዋል። እነዚህ ቦዮች እርሳሱን ይይዙና ያሽከረክሩታል። የፈታይ እንዝርት በፍጥነት ሲሾር ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፤ የሚሽከረከር እርሳስም በአየር ላይ ሳይገለባበጥ ቀጥ ብሎ ይጓዛል።

ይህ እንዲሆን ግን ጉርሻው ከጉሮሮው ጋር መስማማት አለበት። «38» እየተባለ በሚጠራው የተለመደ ሽጉጥ የቱቦው ስፋት ከቦይ እስከ ቦይ 9.07 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፤ የእርሳሱ ውፍረት 9.09 ሚሊሜትር ገደማ ይደረጋል። ልዩነቱ ከአንዲት የራስ ጠጕር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። እርሳሱ ከቱቦው ጥቂት መወፈሩ የጠርሙስ ክዳን ሆኖ ከበስተኋላው ያለውን የባሩድ ጋዝ እንዲያፍን ነው። ቀጭን ከሆነ ግን የጋለው ጋዝ በጎኑ እየሾለከ ይልጠዋል፤ እርሳስ በ327 ዲግሪ የሚቀልጥ ለስላሳ ማዕድን ነውና። የተላጠው በቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥይት በዚያ ቅርፊት ላይ ሲንሸራተት ቦዮቹን በቅጡ ሳይጨብጥ ያልፋል። የአጎትዬው ሽጉጥ በመጀመሪያ እያሳረፈ በኋላ የሚበትነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እንግዲህ እርሳሱ የሚቀጥነው የት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። የሽጉጥ ቱቦ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው እንደ ብሎን በክር ተጠምዝዞ ነው። ፋብሪካው እጅግ አጥብቆ ያጠበቀው እንደ ሆነ በክሩ ሥር ያለው የቱቦው ክፍል በጥቂቱ ወደ ውስጥ ይጨመቃል። እርሳሱ ገና ሲገባ በዚያች ጠባብ ስፍራ ይጠብና፤ አልፎ ወደ ሰፊው ሲደርስ ልብሱ የሰፋው ሰው ይሆናል። ጋዙም መንገድ ያገኛል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ከበሮው ላይ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከቱቦው ከጠበቡ እርሳሱ ገና ከመነሻው ቀጥኖ ይደርሳል። ያን ጊዜ ቱቦው ንጹሕ ነው።

በውጭ አገር ያሉ የመሣሪያ ጠጋኞች ለክሩ ጥበት ሁለት ዘዴ አላቸው። አንደኛው ደቃቅ የብረት መሞረጃ ዱቄት የተቀባ እርሳስ በጥቂት ባሩድ እየተኰሱ ጥበቱን ቀስ በቀስ ማጥፋት ነው። ሁለተኛው በልዩ መሣሪያ የቱቦውን መግቢያ ብቻ እስከ ጥበቱ መጨረሻ ድረስ ማለስለስ ነው። ሁለቱም የሚነኩት የታመመችውን ስፍራ ነው። የቶርኖው ሰው ያሰበው ግን ቱቦውን ከዳር እስከ ዳር ማስፋት ነው። ይህ ከሆነ እርሳሱ በሁሉም ቦታ ይላላል፤ በአንድ ስፍራ የነበረው በሽታ መላውን ቱቦ ይወርሳል፤ ቦዮቹም ይጠፋሉ። የተቈረጠ ብረት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

ነገሩ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። አባቶቻችን በዐድዋ ከያዟቸው ጠበንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበረ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፤ ግራ በ1874 እ.ኤ.አ. መሣሪያውን ያዘጋጀው የፈረንሳይ መኰንን ነው። የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ገላውም በወረቀት የተጠቀለለ ነበረ። ወረቀቱ ጌጥ እንዳይመስላችሁ! እርሳሱ ራቁቱን ብረቱን እንዳይነካ የሚከላከል ልብስ ነው። በምኒልክ ዘመን ጥይት በገበያ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበርና የተተኰሰ ቀለህም አይጣልም፤ በአገር ባሩድና በእጅ በቀለጠ እርሳስ እንደ ገና ይሞላ ነበር። ያለ ወረቀቱና ያለ ልኩ የተሞላ ጥይት ቱቦውን ምን እንደሚያደርገው ከላይ ካልሁት መገመት አያስቸግርም። ኋላ የጥይት ፍጥነት ሲጨምር ወረቀቱም አልበቃ አለ። በ1882 እ.ኤ.አ. የስዊሱ ኤድዋርድ ሩቢን እርሳሱን የመዳብ ልብስ አለበሰው፤ ከአራት ዓመት በኋላ የወጣው የፈረንሳዩ ለበልም ብረት የለበሰ ጥይት የሚተኵስ ሆነ። ሽጉጥ ግን ፍጥነቱ አነስተኛ በመሆኑ ራቁት እርሳስ እስከ ዛሬ ይጎርሳል፤ በቈርቆሮና በአንቲሞኒ ጠንከር ብሎ፤ በሰምና በሞራ መሰል ቅባት ታሽቶ።

ስለዚህ ለወጣቱ ወዳጃችን የምለው ይህን ነው። አጎትዎ በመጀመሪያ ቅርፊቱን በነሐስ ብሩሽ አጥርተው ያውጡ። ቀጥሎ ጥይቱ ተለውጦ እንደ ሆነ ያስታውሱ፤ መሣሪያው ሳይነካ ጠባዩ የተለወጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጥይቱ ነውና። ይህም ካልሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ለስላሳ እርሳስ በቱቦው ውስጥ እየገፋ ያሳልፍና በማይክሮሜትር ይለካው። ጥበቱ በክሩ ሥር ከሆነ በእጁ ላይ ይታወቀዋል። ሳይለኩ መቍረጥ፤ ሙቀት ሳይለኩ መድኃኒት ማዘዝ ነው። ሕጉም አለ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ነክ ነገሮችን በፈቃድ ያሰረ ስለ ሆነ፤ የመኪና ዕቃ የሚጠርብ ቶርኖ ቤት ሽጉጥ ተቀብሎ ቢነካ ሁለቱም ወገን ይጠየቁበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከቱቦው የሚፋቀው ግራጫ ብናኝ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ውልወላው በማድ ቤት ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ምንጣፍ ላይ አይሁን። ጨርቁ ለሌላ ሥራ እንዳይውል በላስቲክ ተቋጥሮ ይወገድ፤ አጎትዎም እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ወደ ገበታ አይቅረቡ።