ሴፍቲኔትና የልጆቻችን ገበታ

ስለ ሴፍቲኔት ሲነሳ ከተሜው ቶሎ የሚለው «ገበሬውን ጥገኛ አደረገው» ነው። በዚህ አልስማማም። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በወሎም ሆነ በሐረርጌ ድርቅ የመታው ገበሬ መጀመሪያ ፍየሉን፣ ቀጥሎ የእርሻ በሬውን በርካሽ ይሸጥ ነበር። በሬውን የሸጠ ሰው ዝናብ ቢመጣለትስ በምን ያርሳል? እርከን ሠርቶ የሚቀበለው ስንዴ ወይም ገንዘብ ብዙ ቤተሰብን ከዚህ ሽያጭ አድኗል፤ የረሃቡንም ወራት አሳጥሯል።

እኔን የሚያሳስበኝ የሕፃናቱ ነገር ነው። በፕሮግራሙ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የቤተሰቡ የምግብ እጥረት የቀነሰውን ያህል የልጆች መቀንጨር ሲቀንስ አላገኙም። ስንዴ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ስድስት ወር የሞላው ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ የባቄላ ወይም የምስር ዱቄት የተቀላቀለበት ገንፎ፣ ጎመን፣ ከተገኘም ወተትና እንቁላል ያስፈልገዋል። በብዙ ቤት ግን ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ለጨውና ለሳሙና መግዣ ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ እናቲቱን «እንቁላሉን ለልጅሽ አብዪው» ብሎ መምከር ብቻ (እኛ ጤና ነክ ጸሐፊዎች ይህን እንወዳለን) አይበቃም። ክፍያው በወሩ መድረስ አለበት። ሲዘገይ ቤተሰቡ እህል በዱቤ ይወስዳል፤ አራጣ ውስጥ የሚገባም አለ። ገንዘቡ ሲመጣ አበዳሪው በር ላይ ይጠብቃል፤ እንቁላሉም ተመልሶ ገበያ ይወጣል።