ያልታደሰ ካሜራ ሐሰተኛ ምስክር ነው፦ ስለ ታጣፊ ካሜራዎች እድሳትና አጠቃቀም

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በጥቅል ፊልም የሚሠሩ ታጣፊ ካሜራዎች በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ የተለመዱ ነበሩ። የፊት ክዳናቸው ሲከፈት ሌንሱ በወናፍ ተይዞ ወደ ፊት ይወጣል፤ ሥራው ሲያበቃ ወናፉ እንደ አኮርዲዮን ይታጠፍና ካሜራው ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ከተረፉት ብዙዎቹ በመሳቢያ ተረስተዋል ወይም በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለእይታ ተቀምጠዋል። ጥቂት ሰዎች ግን እየፈቱ ያድሷቸዋል፤ ፊልም ጨምረውም ፎቶግራፍ ያነሡባቸዋል። ይህ ሥራ በአንድ ወገን እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ቅርስን እንደ መነካካት ይቆጠራል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከሁለቱም ይለያል፦ በብዛት የተመረተን ካሜራ በጥንቃቄ ማደስ ዕድሜ ያመጣውን ጉዳት ከመሣሪያው እውነተኛ ባሕርይ ለመለየት የሚያስችል የምርምር ዘዴ ነው።

ይህ ዘዴ ሊሠራ የቻለው በቅድሚያ ፊልሙ ስላልጠፋ ነው። ኮዳክ በ1901 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው 120 የተባለው ጥቅል ፊልም እስከ ዛሬ ይመረታል። አንዱ ጥቅል በ6×9 ሴንቲ ሜትር 8፣ በ6×6 ደግሞ 12 ፎቶግራፎች ይሰጣል። የ6×6 ምስል ትክክለኛ መጠን 56 በ56 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ከሆነው ከተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ምስል በስፋት ሦስት ተኩል እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራ ካሜራ ዛሬ በተመረተ ፊልም፣ በሚለካ ሁኔታ ሊፈተን ይችላል። ከሥራ ውጭ ከሆኑ ብዙ የቀድሞ መሣሪያዎች የሚለየው ይህ ነው።

ለመከራከሪያው ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው በ1950ዎቹ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በብዛት የተመረተው አግፋ ኢሶሌት ነው። በዚህ ካሜራ ርቀት የሚስተካከለው የፊተኛውን ሌንስ በማዞር ነው። ፋብሪካው በሌንሱ ጥርስ ላይ የቀባው ግራሶ ግን ከዓመታት በኋላ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ያን ጊዜ የፊተኛው ሌንስ ከመካከለኛው ጋር ይጣበቃል፤ ቀለበቱን በኃይል የሚያዞር ሰው ሁለቱን በአንድነት ከመዝጊያው እየፈታ መሆኑን አይገነዘብም። ቀለበቱ ይዞራል፤ የርቀቱ ቁጥርም ይለወጣል፤ ምስሉ ግን ይደበዝዛል። ተጠቃሚውም «የድሮ ሌንስ ጥራት የለውም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ስለ ሌንሱ ሳይሆን ስለ ደረቀ ግራሶ የተነገረ ነው።

መዝጊያውም ተመሳሳይ ስሕተት ያስከትላል። ኮምፑርና ፕሮንቶር የተባሉት መዝጊያዎች በቀጫጭን የብረት ቅጠሎች የሚከፈቱና የሚዘጉ ሲሆኑ፣ ዝግተኛ ፍጥነታቸውን የሚቆጣጠሩት እንደ ሰዓት ባሉ ጥቃቅን ጥርሳማ መዘውሮች ነው። አሮጌ ዘይትና አቧራ ሲጠራቀምባቸው ይዘገያሉ። ቁጥሩ 1/50 ሰከንድ ላይ ተደርጎ በእውነቱ ለ1/25 ሰከንድ የሚከፈት መዝጊያ ወደ ፊልሙ የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል፤ እጅ ሲንቀሳቀስ የሚመጣውንም ብዥታ ያባብሳል። ወናፉ ደግሞ በእጥፋቶቹ ማዕዘን ላይ ሲበሳ ብርሃን ያስገባል፤ ምስሉም ይገረጣል። የኢሶሌት ወናፍ በዚህ ረገድ የታወቀ ድክመት አለው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ትንሽ የእጅ ባትሪ ወደ ወናፉ አስገብቶ ከውጭ በመመልከት ቀዳዳዎቹን ማግኘት ይቻላል።

እነዚህ ሦስት ጉዳቶች ሲታረሙ ካሜራው እንከን የለሽ አይሆንም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጉድለት የራሱ የመሣሪያው ነው። ለምሳሌ የብርሃን ነጸብራቅን የሚቀንሰው የሌንስ ሽፋን በካርል ዛይስ ኩባንያ የተፈለሰፈው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ሌንስ ወደ ፀሐይ ሲዞር ምስሉ የሚነጣው ስለተበላሸ ሳይሆን ስላልተሸፈነ ነው። በሦስት ብርጭቆዎች የተሠራ ቀላል ሌንስም በሙሉ ክፍተቱ ሲሠራ ጠርዙ ላይ ይለሰልሳል፤ ክፍተቱ ሲጠብብ ይሻሻላል። የዘመኑ ፎቶግራፍ አንሺ የሠራው ከእነዚህ ገደቦች ጋር እንጂ ከደረቀ ግራሶና ከተበሳ ወናፍ ጋር አልነበረም። የቆዩ ፎቶግራፎችን የሚያጠና ተመራማሪ ይህን ልዩነት ካላወቀ የአንሺውን ምርጫ የመሣሪያ ግዴታ፣ የመሣሪያን ግዴታም የአንሺው ምርጫ አድርጎ ሊያነብ ይችላል።

ማደስ ብቻውን አይበቃም፤ መጠቀምም ያስተምራል። ታጣፊ ካሜራ በድንገት ሲከፈት ወናፉ አየር ይስባል፤ ፊልሙንም ከተዘረጋበት ቦታ ወደ ፊት ሊስበው ይችላል። ስለዚህ ልማድ ያለው ሰው ካሜራውን በዝግታ ይከፍታል፤ ፊልሙንም ከከፈተ በኋላ ያጠነጥናል። በጀርባው ያለው ቀይ መስኮትም እንዲሁ ነው። ቀይ ብርሃን ለማይሰማው ለቀድሞው ፊልም ጉዳት አልነበረውም፤ ሁሉንም ቀለም ለሚቀበለው ለኋለኛው ፊልም ግን ክዳን ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከተቀመጠ ካሜራ አይገኝም።

በተቃራኒው የሚነሣው መከራከሪያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። አንድ መሣሪያ በተፈታ ቁጥር ማስረጃ ይጠፋል፤ የፋብሪካው ግራሶ ይታጠባል፤ የመጀመሪያው ወናፍ ይጣላል፤ የቀድሞ ጠጋኝ በውስጥ የጫረው ምልክት ሊፋቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብርቅ የሆነ፣ ወይም ባለቤቱና ታሪኩ የታወቀ ካሜራ ባለበት ሁኔታ ሊጠበቅ ይገባል። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት በብዙ ሺህ ለተመረቱና ገና በብዛት ለሚገኙ ካሜራዎች ሁሉ ከተሠራበት፣ አካሉ ተጠብቆ ሥራው የተረሳ መሣሪያ ብቻ ይቀራል።

መፍትሔው ሥራውን መከልከል ሳይሆን ሥርዓት ማበጀት ነው። ካሜራው ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የመዝጊያው ፍጥነት ከእድሳቱ በፊትና በኋላ ይለካ፤ የወጣው ወናፍ ልኩና የእጥፋቱ ብዛት ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ ሌንሱ እንዳይፋቅ፣ አካሉም ለውበት ሲባል ቀለም እንዳይቀባ ይሁን። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ የመዝጊያን ፍጥነት በብርሃን ጠቋሚና በኦሲሎስኮፕ መለካት የማንኛውም የፊዚክስ ቤተ ሙከራ አቅም ነው። የፎቶግራፍ ታሪክ፣ የቅርስ ጥበቃና የፊዚክስ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊገናኙበት የሚችል ሥራ ነው።

እነዚህን መዝጊያዎች በሥራ ዘመናቸው ይጠግኑ የነበሩ ባለሙያዎች ቁጥር በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ካሜራዎቹ በመሳቢያ ውስጥ ሌላ ሃምሳ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ግራሶው የት እንደሚጣበቅ፣ ሞላው በምን ያህል ጥንካሬ እንደሚወጠር የሚያውቀው እጅ ግን አይቆይም። ዕውቀቱ ተመዝግቦ ካልተላለፈ፣ መጪው ተመራማሪ የዝገትን ምስክርነት የታሪክ ምስክርነት አድርጎ ይቀበላል።