ጀጎል ውስጥ ማን ይኑር?



ሰሞኑን ስልካችንን ከፍተን የሐረር ፎቶ የማናይበት ቀን የለም። ሰማያዊ፣ ሮዝና አረንጓዴ የተቀቡ ግድግዳዎች፣ ድንጋይ የተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች፣ ማታ የሚበሩ መብራቶች። የኮሪደር ልማቱ ሐረር ከደረሰ ወዲህ ከተማዋ አምራለች፤ ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው። እኛ ግን ፎቶውን ባየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብናል። ከዚያ ከተቀባው ግድግዳ ጀርባ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ማን ይኖራል?

ጀጎል ሰው ሊኖርበት፣ ሊሰግድበትና ሊነግድበት የተሠራ ከተማ ነው። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነቡት ግንብ የታጠረው ቦታ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው በዚህች ቦታ ላይ 82 መስጂዶችና 102 የመሻይኽ ዚያራዎች ተቆጥረዋል። እስቲ 48 ሄክታሩን ለ82ቱ መስጂዶች አካፍሉት። ለአንዱ መስጂድ አንድ የኳስ ሜዳ እንኳ አይደርሰውም! ይህ ቁጥር የሚነግረን የጎረቤቱን ብዛት ነው። ሽማግሌው በጨለማ ለሱብሒ ሲነሱ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም ነበር፤ መስጂዱ ከደጃቸው ነው። ሶፉን የሚሞላው ያ ጎረቤት ከሄደ መስጂዱን በኖራ ብናነጣው ምን ዋጋ አለው?

ቤቶቹም እንደዚያው ናቸው። ሐረሪዎች ጌይ ጋር የሚሉት ቤት በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ በኖራ የሚለሰን ነው። ዋናው ክፍል ስትገቡ የምታገኙት ነደባውን ነው፤ ቀይ የተቀባ፣ ከፍና ዝቅ እያለ የተሠራ መደብ። የክብር እንግዳው የት፣ አባወራው የት፣ ልጆቹ የት እንደሚቀመጡ የታወቀ ነው። ግድግዳውን የሞላው ስፌት የእናቶችና የልጃገረዶች እጅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ግን ዝም ብሎ አይቆምም። ጭቃና ድንጋይ እርጥበት ይስባል፤ ኖራው ደግሞ እርጥበቱን እያስተነፈሰ ያወጣዋል። ይፍጠንልን ብለው በሲሚንቶ የለሰኑት እንደሆነ እርጥበቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀርና ግንቡን ይበላዋል። ከውጭ ሲታይ የሚያብረቀርቀው ግድግዳ አንድ ክረምት ላይ ሆዱን ነፍቶ ይወርዳል። በየከተማችን የሲሚንቶ ግንበኛ ሞልቷል። ኖራ አብኩቶ መለሰን የሚችል ወጣት ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ላይ ሥራ አለ፤ ያውም ማሽን የማይነጥቀው ሥራ።

ከኖራውም በላይ የሚያስቸግረው ግን ቤቱ የማን ነው የሚለው ነገር ነው። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ጀጎልም አልተረፈም። ብዙ ቤት የቀበሌ ቤት ሆነ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ጣሪያው ሲያፈስ ከኪሱ አውጥቶ ለምን ያድሰው? ነገ ውጣ ሊባል ይችላላ! አከራዩ ደግሞ በወር ከሚሰበስባት ጥቂት ብር የጣሪያ እንጨት አይገዛም። በሌላ በኩል በግል የቀረው ቤት ወራሾቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ቶሮንቶ፣ አንዷ ሜልበርን፣ ሌላው አዲስ አበባ ነው። ሸሪዓው የእያንዳንዱን ድርሻ አስቀምጧል፤ ድርሻው ከታወቀ በኋላ ጣሪያውን ማን ይቀይረው የሚለው ግን የእኛ ስምምነት ነው። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ክረምት ይገባል። ወይም ደግሞ ቤቱ በብሎኬት ለሦስት ይከፈልና ነደባው መሀል ላይ ግድግዳ ይቆማል።

ከግንቡ ውጭ ቤት ሠርቶ የወጣውን ወጣት ቤተሰብ ደግሞ አንወቅስም። ጀጎል ውስጥ መኪና የማይገባበት መንገድ ብዙ ነው። ወላድ በሌሊት ስትያዝ ምን ይደረጋል? ከተማዋን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ጊዜ ጀምሮ የውኃ ችግር ለሐረር ሰው የሚነገረው ነገር አይደለም። ሽንት ቤትና ፍሳሽ ደግሞ አለ። (በነገራችን ላይ የጀጎል ግንብ ድሮም ለጅብ የተተወ ቀዳዳ ነበረው፤ ማታ ገብቶ ጥራጊውን ጠርጎ ይወጣል። ለጅቡ መግቢያ ያልረሳ ከተማ ለፍሳሽ መውጫ ማጣት የለበትም።) ስለዚህ እድሳት ሲባል የመጀመሪያው ብር መሬት ውስጥ ይቀበር እንላለን፤ ቧንቧና ፍሳሽ ላይ። ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ሰውን የሚያስቀረው ግን እሱ ነው።

ይህ የማይሆን ሕልም ነው የሚል ካለ ካይሮን ይመልከት። አዝሀር አጠገብ ያለው ደርብ አል-አሕመር የሚባለው ሰፈር ለዘመናት የፈረሰና የተጎሳቆለ የድሆች ሰፈር ነበር፤ ጎኑ ላይ የክፍለ ዘመናት ቆሻሻ ተራራ ተከምሮበት። የአጋ ኻን ድርጅት ያን ቆሻሻ ወደ መናፈሻ ሲቀይረው ከሥሩ የአዩቢዮች ግንብ ብቅ አለ። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ2005 ተከፈተ። የሚገርመው መናፈሻው አይደለም። እንዲህ ያለ ውብ ነገር ከተሠራ በኋላ ብዙ ቦታ የሚሆነው ድሃውን ማንሳት ነው። እዚያ ግን ነዋሪው ከወጪው የተወሰነውን እየከፈለ፣ ብድር እየተመቻቸለት ቤቱ ታደሰለት። የሰፈሩ ልጆችም አናጢነትና ድንጋይ ጠረባ ተምረው በራሳቸው ሰፈር እድሳት ላይ ሠሩ።

እኛ ጋ መሣሪያው የለም? አለ እንጂ። ዑስማን (ረዲየላሁ ዐንሁ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሙ ሲሰጡ ያስተማሩን ነገር ወቅፍ ነው። ለሐረር ደግሞ ወቅፍ እንግዳ አይደለም፤ በእጅ በተጻፉ የሐረር ቁርኣኖች ላይ ወቅፍ ስለመሆናቸው የተጻፈ ማስታወሻ ይገኛል። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አለው። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች ያለ ወለድ ይሠራሉ። በሙራበሐ መኪና መግዛት ከተቻለ የጣሪያ እንጨትና ኖራ መግዛት የማይቻልበት ምክንያት አይታየንም። አፎቻም አለ፤ ሠርግና ሐዘን ላይ የማይነጣጠል ማኅበር። ሙሽራ መዳርና ጀናዛ መቅበር የቻለ ማኅበር ቤት ማደስን ቢጨምርበት የሚያቅተው አይመስለንም። የቀበሌ ቤቶቹን ነገር ግን አፎቻም ባንክም አይፈታውም። እሱ የመንግሥት ውሳኔ ይፈልጋል፤ ለሚያድስ ተከራይ የረጅም ጊዜ ዋስትና ይሰጠው ወይም ቤቱ ለሚንከባከበው ይተላለፍ።

ንግዱም መዘንጋት የለበትም። መኪና ግርግር የሚባለውን መንገድ ያየ ያውቃል፤ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው። ጨርቁን ከአንዱ ሱቅ ትገዛላችሁ፣ ደጁ ላይ ለተቀመጠው ሰፊ ትሰጣላችሁ፣ ዞር ዞር ብላችሁ ስትመለሱ አልቋል። መንገዱ ሲያምር የሱቅ ኪራይ ይወደዳል፤ ኪራይ ሲወደድ መጀመሪያ የሚወጣው ባለ አንድ መኪናው ሰፊ ነው። በቦታው የቅርሳቅርስ መሸጫና ካፌ ይገባል። ከዚያ በኋላ መኪና ግርግር የሚለው ስም ለአስጎብኚ የሚያስረዳው ታሪክ ሆኖ ይቀራል። በቤተሰብ የሚተዳደሩ የእንግዳ ማረፊያዎች መኖራቸውን እንደግፋለን፤ ቤተሰቡ እዚያው እየኖረ ገቢ ያገኝበታል። ሁሉም ቤት ማረፊያ ሲሆን ግን ማረፊያው ማንን ሊያሳይ ነው?

የጅማ፣ የደሴ፣ የድሬዳዋ ልጅ ይህ የሐረሮች ጉዳይ ነው እንዳትሉ። የእናንተም የድሮ ገበያ፣ የአያቶቻችሁ የሰገነት ቤት፣ በመስጂዱ ዙሪያ ያለው ሰፈር ተራው እየደረሰ ነው። ጀጎል ላይ የሚሠራው ነገር ለእናንተም ሰፈር ናሙና ይሆናል፤ በጎም ይሁን ክፉ።

እኛ ከአንድ ቤት ቢጀመር እንላለን። ወራሾቹ ውጭ አገር ያሉ፣ ተቆልፎ የሚያፈስ አንድ ጌይ ጋር። ወራሾቹ ቢስማሙ ወቅፍ ያድርጉት፤ በኖራ ይታደስ፣ ውኃና ሽንት ቤት ይግባለት፣ ነደባው ሳይነካ ለአዲስ ተጋቢዎች በሚችሉት ኪራይ ይሰጥ። ኪራዩም ለቀጣዩ ቤት ጣሪያ ይቀመጥ። ቶሮንቶና ሜልበርን ያላችሁ ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ፣ ዛሬ ማታ ለወንድምና እህቶቻችሁ ደውሉና የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ።