ልጅዎ ባሕር ማዶ ሆኖ «የተኩስ ውድድር ገባሁ» ቢልዎት



የዛሬው ጥያቄ የመጣው ከአንዲት የሠፈሬ እናት ነው። አሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው በስልክ «እማዬ፣ ጠመንጃ ገዝቼ ውድድር ልገባ ነው» ካላቸው ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። «ሲስተር፣ ልጄን ከጥይት አወጣሁት ብዬ ብሸኘው እዚያ ሄዶ ጥይት ይግዛ?» አሉኝ።

ቡለን ለኖረ ሰው ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚያም ማስረዳት አያስፈልግም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በወረዳችን በበኩጂ ቀበሌ በአንድ ቀን ከመቶ በላይ ሰው ተገድሏል። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ የሚለውን ቃል ስንሰማ በዓይናችን የሚመጣው ስፖርት አይደለም። ልጁ ግን የሚያወራው ስለ ስፖርት ነው። በስልክ ሁለቱ ያልተግባቡት ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከዚያ እናትና አባት ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እናያለን።

የሽጉጥ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ

ልጁ የገዛው «የሽጉጥ ጥይት ካርባይን» የሚባለውን ነው። ሰደፍ አለው፣ ትከሻ ላይ ይደገፋል፤ የሚጎርሰው ግን የሽጉጥ ጥይት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 9 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የ1873ቱ የአሜሪካ ዊንቸስተር ጠመንጃ የሚጎርሰውን ጥይት በኋላ ሽጉጥም ስለጎረሰው ሰው አንድ ዓይነት ጥይት ይዞ ለሁለቱም ይጠቀም ነበር።

ውድድሩ «ተግባራዊ ተኩስ» ይባላል። ዓለም አቀፉ ኮንፌዴሬሽን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ነው። ተወዳዳሪው ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ የካርቶንና የብረት ዒላማዎችን ይመታል። በካርባይን ምድብ የካርቶኑ መሐል 5 ነጥብ፣ ቀጥሎ ያለው 3፣ ዳሩ 1 ነጥብ ያስገኛል። ያገኘው ነጥብ ለፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። 100 ነጥብ በ20 ሰከንድ ያገኘ ውጤቱ 5 ነው፤ 90 ነጥብ በ15 ሰከንድ ያገኘ ግን 6 ነው። እንግዲህ ዝም ብሎ መፍጠንም ዝም ብሎ ማነጣጠርም አያዋጣም፤ ሁለቱን ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ዒላማ ማነጣጠር ስፖርት መሆኑ ለእኛም እንግዳ ሊሆን አይገባም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በቀስት ተወዳድሯል። የጠመንጃ ተኩስም በ1896ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ነበረ፤ ይህ የካርባይኑ ውድድር ግን የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም።

ለእናት ልብ ማረፊያ የሚሆነው ሥርዓቱ ነው። ተወዳዳሪው ዳኛው ሳይፈቅድለት ጥይት አያጎርስም። አፈሙዙ ከተፈቀደው አቅጣጫ ከወጣ ወይም ጥይት ሳያስበው ከባረቀበት በዚያው ቅጽበት ከውድድሩ ይሰናበታል። ተራው ባልሆነ ጊዜ ካርባይኑ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ደማቅ ቀለም ያለው ፕላስቲክ በጥይት ማጉረሻው ይሰካል። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ እንደሚተኮሰው አይደለም።

ከግዢው በፊት ወረቀቱ

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ሳያውቁ ሊሰናከሉ ስለሚችሉ ወላጆች አጥብቃችሁ ጠይቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ፣ በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በመሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም መግዛትም መያዝም አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። መግዣው ቅጽ ላይ የመኖሪያ ሁኔታን አዛብቶ መሙላት ከባድ ወንጀል ነው፤ መዘዙ እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ልጅ ከሆነ፣ የጓደኛ ምክር ይዞ ከመሄዱ በፊት የሕግ ባለሙያ ያነጋግር።

ሌላም አለ። ሰደፍ ያለው ካርባይን በርሜሉ ከ16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ከምናምን፣ ካጠረ ልዩ ምዝገባ የሚያስፈልገው መሣሪያ ይሆናል። ስለ ካዝና መጠንና ስለ ጠመንጃ ዓይነት ደግሞ ግዛቶቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ በአንዱ የተፈቀደው በሌላው ይከለከላል። ቤት የሚቀይር ልጅ ይህን ማጣራት አለበት።

መምረጥና ማስተካከል

ጠመንጃ የሚያውቁ አባቶች ይህን ክፍል ከልጃቸው ጋር ቢያወሩበት ደስ ይለኛል። ምንሽርና ውጅግራ ያዩ አያቶች ብዙ የሚሉት ይኖራቸዋል።

የመጀመሪያው ምክር፣ ቶሎ አይግዛ። አንድ ሁለት ውድድር ሄዶ ይይ፣ የጀማሪዎች ሥልጠና ይውሰድ፣ የሌሎችን መሣሪያ በፈቃድ ይሞክር። ገንዘብ የሚበላው ከጊዜ በኋላ ጠመንጃው ሳይሆን ጥይቱ ነው፤ የወር ወጪውን አስቀድሞ ያስላ። እናቱ መድኃኒት የምትገዛበትን እየቀነሰ ጥይት የሚገዛ ልጅ ስፖርቱ ይቅርበት።

ሁለተኛው፣ ሳይነክስ የሚሠራ ይምረጥ። በሰከንድ በሚቆጠር ውድድር አንድ ጊዜ የነከሰ መሣሪያ ዙሩን ያበላሻል። ብዙ ካርባይኖች የታወቁ ሽጉጦችን ካዝና ይቀበላሉ፤ ልጁ ሽጉጥ ካለው ካዝናው አንድ ዓይነት ቢሆን ወጪ ይቀንሳል። አሠራሩም ይለያያል። ርካሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከባድ ብረት ወደ ኋላ እየተወረወረ የሚሠሩ ናቸው፤ ቀላል ቢሆኑም የሽጉጥ ጥይት ነው ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ ትከሻ ይመታሉ። ብረቱ የሚዘገይባቸው ዓይነቶች ይለሰልሳሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

ሦስተኛው፣ በሰውነት ልክ ማድረግ ነው። ልጁ ትከሻው ላይ ሲደግፈው አንገቱን ሳያጣምም ጉንጩ ሰደፉ ላይ ማረፍ፣ ዓይኑም በቀጥታ ማነጣጠሪያው ላይ መግጠም አለበት። ሰደፉ ከረዘመበት ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ካጠረበት አፍንጫው እጁ ላይ ይደርሳል። በኔ ሙያ ቋንቋ ስናገር፣ ልክ ያልሆነ ሰደፍ ያንገትና የትከሻ ሕመም መነሻ ነው። ክብደቱም ቀኑን ሙሉ ሊሸከመው የሚችለው ይሁን።

አራተኛው ማነጣጠሪያው ነው። አብዛኞቹ ተወዳዳሪዎች የሚመርጡት በመስታወት ውስጥ ቀይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳየውን ነው፤ ሁለት ዓይን ከፍቶ ለማነጣጠር ይመቻል። ግን ነጥቡ ከበርሜሉ በላይ ብዙ ጣት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በጣም ቅርብ ያለ ዒላማ ላይ ጥይቱ ከነጥቡ ዝቅ ብሎ ያርፋል። መሣሪያውን በተወሰነ ርቀት፣ ለምሳሌ በ25 ሜትር፣ ካስተካከለ በኋላ በ5 በ10 ሜትር የት እንደሚመታ ወረቀት ላይ ተኩሶ መመዝገብ አለበት። ነጥቡ ደብዝዞ ወይም ተበትኖ ከታየው ደግሞ ጥፋቱ የመሣሪያው ላይሆን ይችላል፤ ዓይኑን ይመርመር።

ቃታን ከመጠን በላይ ማላላት ለጀማሪ አይመከርም። አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው ምት መቀነሻም ጩኸቱን ወደ ጎን ስለሚገፋው አጠገብ ያሉትን ይጎዳል። ለሚጀምር ልጅ ከሁለቱም በላይ የሚጠቅመው ልምምድ ነው።

ጆሮ፣ እጅ፣ ልብስ

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ። የተኩስ ድምፅ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የመጨረሻ ወሰን ብሎ ያስቀመጠው ቅጽበታዊ ድምፅ 140፣ ለሕፃን 120 ዴሲቤል ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ የሚቀበሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ከሞቱ አይተኩም። ስለዚህ የጆሮ ውስጥ መሰኪያና ከላይ የሚደረብ መሸፈኛ ሁለቱንም ያድርግ፤ መነጽርም ከዓይኑ አይለይ። ከተኩስ በኋላ ጆሮው እየጮኸ ከዋለ መከላከያው አልበቃም ማለት ነው።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላው ጉዳይ እርሳስ ነው፤ ሊድ የሚባለው ብረት። በጥይቱ ራስ ብቻ ሳይሆን በብዙ ጥይቶች ማቀጣጠያ ውስጥም አለ። ሲተኮስ በጢስና በአቧራ መልክ ወጥቶ እጅ፣ ፀጉርና ልብስ ላይ ያርፋል። ለሕፃናት አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም፤ በነፍሰ ጡር ደም ውስጥ ካለም ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ሥርዓቱ ቀላል ነው። በተኩስ ቦታ አይብላ፣ አያጭስ። ሲጨርስ እጅና ፊቱን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። ልብሱንና ጫማውን ሳይቀይር ልጅ አይቀፍ። ያንን ልብስ ከሕፃናት ልብስ ጋር አይጠብ። ቀለሁንም ለልጅ መጫወቻ አይስጥ። አዘውትሮ በተዘጋ ቤት የሚተኩስ ከሆነ በደሙ ያለውን የእርሳስ መጠን ሐኪም ይለካለት።

ቤት ሲገባ የት ያድራል?

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በዚያ አገር የሕፃናትና የወጣቶች ቀዳሚ የሞት ምክንያት ጠመንጃ ሆኗል። የባሕር ማዶ ኑሮ ብቸኝነት፣ የሁለት ሥራ ድካም፣ «ተሳካለት» የሚል የቤተሰብ ሸክም እንዳለው እናውቃለን። ሐሳብ በጸናበት ሰዓት ጠመንጃ እጅ ላይ አለመኖሩ ነፍስ ያተርፋል፤ ብዙውን ጊዜ ያ ክፉ ሰዓት የሚያልፍ ነውና። ልጅዎ ድምፁ ከተለወጠ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ መሣሪያው ለጊዜው ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ከቤት ወጥቶ ሌላ ዘንድ ይቀመጥ። ይህን መጠየቅ ልጅን መጠርጠር አይደለም።

በሌላው ጊዜም መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ በቁልፍ፣ ጥይቱም ለብቻው በሌላ ቁልፍ ይቀመጥ። ቁልፉን ልጆች አይወቁት። ሕፃን ጠመንጃ ካገኘ «አትንካ» የተባለውን ረስቶ ቃታውን ሊስብ ይችላል።

ይህ ለባሕር ማዶ ልጆች ብቻ የተጻፈ አይምሰላችሁ። በኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ፈቃድ ኖሮትም በየቤቱ ክላሽ ግድግዳ ላይ በምስማር ወይም አልጋ ሥር የሚያኖር አለ። ለዓመታት ቁስል ሳጥብ «ባዶ መስሎኝ» የሚለውን ቃል ከብዙ አፍ ሰምቻለሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ማንኛውም መሣሪያ እንደጎረሰ ይቆጠር፤ አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር፤ ለመተኮስ ካልተወሰነ ጣት ቃታ ላይ አይረፍ፤ ከዒላማው ጀርባ ያለው ሳይታወቅ አይተኮስ። በውድድር ሜዳም በኛም ቤት ሕጉ አንድ ነው።

ስልኩን ሲያነሡ

ለጎረቤቴ የሰጠኋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ ወረቀትህ ይፈቅዳል? ማን አሠለጠነህ? ከተኩስ በኋላ ጆሮህ ይጮኻል? ልጆችህን ከማቀፍህ በፊት ታጥበህ ልብስ ትቀይራለህ? መሣሪያው ማታ የት ያድራል፣ ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው? አንተስ ልጄ፣ ደህና ነህ?

በቁጣ ከተጠየቀ ይደብቃል፤ በፍቅር ከተጠየቀ ይመልሳል። እርሳቸውም ደውለው አንድ በአንድ ጠየቁት። ልጁ ግሪን ካርድ አለው፣ የብረት ሣጥን ገዝቷል፣ የጆሮ መሸፈኛውን ግን አንዱን ብቻ ነበር የሚያደርገው። አሁን ሁለቱንም እንዲያደርግ አስምለውታል። «አሁንም አልወደድኩትም» ብለውኛል፤ መውደድ አይጠበቅባቸውም። የመጨረሻውን ጥያቄ ግን በየሳምንቱ እንዲጠይቁት አደራ ብያቸዋለሁ፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ያሰማን።